የ1980ዎቹን ትልቅ ቴሌስኮፕ ገዝቶ ማደስ፦ ከመስታወቱ እንጀምር

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ጋ ባዶ ወንበር አለ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ አሮጌ ቴሌስኮፕ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ እንዳያምታታችሁ።

ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልንገራችሁ። ትልቅ አሮጌ ቴሌስኮፕ ስትገዙ የምትገዙት መስታወቱን ነው። ሳጥኑ፣ ቱቦው፣ ብሎኑ፣ ቀለሙ ሁሉ ይቀየራል። ስለዚህ እድሳቱም ብርሃን ከሚያርፍበት ነገር ይጀምራል፣ ቀጥሎ እንቅስቃሴው ይስተካከላል፣ ኤሌክትሮኒክሱ መጨረሻ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን የዚህን ግልባጭ ነው። ኮምፒውተሩን ቀድሞ ይገዛል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ በትክክል የመራውን ጋላክሲ በቆሸሸና በተጣመመ መስታወት ያያል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ ያ ሰው ብዙውን ጊዜ ቴሌስኮፑ አይረባም ብሎ መልሶ ይሸጠዋል።

የኔው ቴሌስኮፕ ኦዲሲ ይባላል። ኮልተር ኦፕቲካል የሚባል ድርጅት ካሊፎርኒያ ውስጥ አይድልዋይልድ ከምትባል የተራራ ከተማ ሆኖ በ1980ዎቹ ይሸጠው የነበረ ነው። የመስታወቱ ስፋት 13.1 ኢንች ነው፣ ማለትም 33 ሴንቲሜትር። የድርጅቱን ነገር ለመረዳት ግን ከሱ በፊት የነበረውን ሰውዬ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጆን ዶብሰን ይባላል። በ1915 ቤጂንግ ተወለደ፣ ልጅ ሆኖ ከቤተሰቡ ጋር ሳን ፍራንሲስኮ ገባ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ተማረ። በ1944 የሂንዱ እምነት ተከታዮች የሆኑት የቬዳንታ መነኮሳት ገዳም ገባ። ቴሌስኮፕ መሥራት የጀመረው እዚያው ገዳም ውስጥ እያለ ነው። ገንዘብ የለውም። የመርከብ መስኮት የነበረ ወፍራም ብርጭቆ ከተገኘ እሱን በእጁ እየፈተገ መስታወት ያደርገዋል፣ ለቱቦው ኮንክሪት ኮለን የሚሞላበትን የካርቶን ቱቦ ይወስዳል፣ መቆሚያውን ደግሞ ከኮምፔንሳቶ በሳጥን መልክ ይሠራል። በቃ። ሌሊት ሌሊት እየወጣ ለሰፈሩ ሰው ሰማይ ማሳየቱ ገዳሙን አላስደሰተም፣ በ1967 ከዚያ ተሰናበተ። በ1968 ከጥቂት ወጣቶች ጋር ሆኖ ሳይድዎክ አስትሮኖመርስ የተባለውን ማኅበር መሠረተ፤ ቴሌስኮፑን እግረኛ መንገድ ላይ ያቆምና አላፊ አግዳሚውን እየጠራ ሳተርንን ያሳያል፣ ጨረቃን ያሳያል። እስኪያረጅ ድረስ ሥራው ይሄ ነበር። በ2014 መጀመሪያ ላይ በ98 ዓመቱ አረፈ።

ዶብሰን ከመምጣቱ በፊት አማተሩ ትልቅ ቴሌስኮፕ የማይኖረው መስታወቱን አጥቶ ብቻ አልነበረም። መቆሚያው ነበር ችግሩ። የመሬትን መሽከርከር ተከትሎ የሚዞረው ባለ ብረት መቆሚያ ለትልቅ ቱቦ ሲሠራ ክብደቱ ሌላ ነው፣ ዋጋውም ሌላ ነው። ዶብሰን ይህን ሁሉ ትቶ ቴሌስኮፑን እንደ መድፍ ሳጥን ላይ አስቀመጠው። ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ በእጅ ግፊት። ኮልተርም በ1980 ገደማ ይህን ሐሳብ ወስዶ በቺፑድና በካርቶን ቱቦ ኦዲሲን ሠራና ባለ 13.1 ኢንቹን በ500 ዶላር ገደማና ከዚያም ባነሰ ዋጋ መሸጥ ጀመረ። ባለ 17.5 ኢንችም ነበረው፣ በኋላ ባለ 29 ኢንችም መጣ። በ1986 የሃሊ ኮሜት በመጣ ጊዜ ስንቱ አሜሪካዊ በነዚህ ቱቦዎች ሰማዩን አይቷል። ድርጅቱ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሥራ አቆመ። ቴሌስኮፖቹ ግን ዛሬም ጋራዥ ውስጥ አሉ፣ አቧራ ለብሰው፣ በጥቂት መቶ ዶላር የሚገዛቸውን ይጠብቃሉ።

33 ሴንቲሜትር ምን ያህል ነው? የሰው ዓይን ብሌን ጨለማ ውስጥ በደንብ ሲከፈት ወደ 7 ሚሊሜትር ይሰፋል። በጠቅላላ የገጽ ስፋት ስናሰላው ይህ መስታወት ከዓይናችን ከ2,200 ጊዜ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። የዚህን ያህል ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ዛሬ አዲሱን ልግዛ ብትሉ ዋጋው በሺዎች ዶላር ነው የሚነገራችሁ።

እንግዲህ ልትገዙ ሄዳችሁ። የኔን የሸጡልኝ ጡረታ የወጡ አዛውንት ነበሩ፣ ጋራዣቸው ውስጥ በአንሶላ ሸፍነው አስቀምጠውታል፣ ሲገልጡት ከቺፑዱ ጥግ ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ቦታ ነበር። ይሄ ምንም አይደለም። ቺፑድ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ደግሞም የሚጣል ነው። እኔ ያየሁት መስታወቱን ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የእጅ ባትሪ ከፊት ለፊት ካበራችሁበት ማንኛውም መስታወት፣ አዲስም ቢሆን፣ አስፈሪ ይመስላል። እያንዳንዷ የአቧራ ቅንጣት ታበራለች። በዚህ ተደናግጣችሁ ጥሩ ዕቃ ጥላችሁ እንዳትሄዱ። ይልቅ ከተፈቀደላችሁ መስታወቱን አውጥታችሁ ከጀርባው ወደ አምፖል ያዙትና በብርጭቆው ውስጥ አሻግራችሁ እዩ። የአልሙኒየም ልባሱ የተበሳሳባቸው ቦታዎች እንደ ትንንሽ ነጠብጣብ ብርሃን ያሳልፋሉ። ጥቂት ከሆኑ ግድ የለም። ጠርዙ ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር ካለ፣ ወይም ልባሱ በየቦታው ከተላጠ፣ እንደገና ማስለበስ ሊኖርባችሁ ነው። ለዚያ ዋጋ ተከራከሩ። ጠርዙ ላይ ትንሽ የተሸረፈ ነገርም ብዙ አያሳስብም። ብርጭቆው ራሱ ከተሰነጠቀ ግን ተዉት።

የቅርጹ ጉዳይ ሌላ ነው፣ በዓይን አይታይም። ጥሩ የሚባል መስታወት ፊቱ ከትክክለኛው ቅርጽ የሚያፈነግጠው ከ70 ናኖሜትር ባልበለጠ ነው፤ የፀጉር ውፍረትን አንድ ሺህ ቦታ ብትከፍሉት አንዱ እጅ ማለት ነው። በዚያ ዘመን በርካሽ የተሠሩት መስታወቶች ጥራታቸው አንድ ዓይነት አልነበረም። አንዱ ግሩም ነው፣ አንዱ ደከም ይላል። ስለዚህ ከቻላችሁ ሌሊት ሄዳችሁ በኮከብ ፈትኑት። ደማቅ ኮከብ ያዙና ፎከሱን ትንሽ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ወደ ውጭ አድርጉ። ነጥቡ ሰፍቶ ክብ ቀለበቶች ይሆናል። በሁለቱም በኩል ቀለበቶቹ ከተመሳሰሉ ደስ ይበላችሁ። በአንዱ በኩል ወደ ጎን፣ በሌላው በኩል ወደ ላይ የተለጠጠ ሞላላ ካያችሁ ደግሞ አንድ ቦታ መጣመም አለ። እዚህ ላይ ተስፋ አትቁረጡ። መጀመሪያ ጭንቅላታችሁን አዘንብሉ፤ ሞላላው አብሯችሁ ከዞረ ችግሩ የራሳችሁ ዓይን ነው፣ መነጽር አድርጉ። ካልዞረ ዋናውን መስታወት ማስቀመጫው ላይ ሩብ ያህል አዙሩትና እንደገና እዩ። ሞላላው አብሮት ከዞረ ችግሩ ብርጭቆው ውስጥ ነው። ባለበት ከቀረ ግን ችግሩ አቀማመጡ ነው ወይም ብርሃኑን ወደ ዓይናችን የምታዞረው ትንሿ መስታወት ናት፣ ይሄ ደግሞ ይስተካከላል። የአሮጌ ኦዲሲ ባለቤት ሁሉ ይህን ሙከራ ቢያደርግ ብዬ እመኛለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ መስታወቱ የሚወቀሰው በአቀማመጡ ጥፋት ነው።

አሁን ወደ እድሳቱ። መጀመሪያ ማጠብ። ሰው ይህን ይፈራል። የልባሱ ውፍረት የሚሊሜትር አሥር ሺህኛ ገደማ ስለሆነ ፍርሃቱ ምክንያት አለው። ቀለበታችሁን አውልቁ። ሰፊ ሳፋ ውስጥ ፎጣ አንጥፉና መስታወቱን ፊቱን ወደ ላይ አስቀምጡት። መጀመሪያ የሚሠራው ውሃ ብቻ ነው፣ ለብ ያለ፣ ትኩስ አይደለም። ረዘም ላለ ጊዜ እንዲፈስበት ተዉት፣ ምክንያቱም ጭረት የሚፈጥረው ደረቅ አሸዋ መሰል አቧራ መውጣት ያለበት ማንም ሳይነካው ነው። ከዚያ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ውሃ ላይ፣ ንጹሕ የጥጥ ኳስ በደንብ አርሱ፣ ጥጡን በመስታወቱ ላይ በራሱ ክብደት ብቻ ጎትቱት። አትጫኑ። አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ያለፈ ጥጥ ይጣላል፣ አዲስ ይወሰዳል። መጨረሻ ላይ ዲስቲልድ ውሃ አፍስሱበትና ከግድግዳ ጋር አዘንብላችሁ ይድረቅ። የቀሩትን ጥቂት ጠብታዎች በወረቀት ጫፍ ነካ አድርጋችሁ ምጠጧቸው። መጥረግ የለም።

ልባሱ ካረጀ ወደ ሙያተኛ ይላካል። አሮጌውን በኬሚካል ያነሱና አየር በተመጠጠበት ጋን ውስጥ አልሙኒየሙን አትንነው እንደ አዲስ ያለብሱታል። ተራው ልባስ የሚመልሰው ብርሃን 88 በመቶ አካባቢ ነው፣ የተሻሻለው ደግሞ 96 በመቶ አካባቢ። ገንዘብ አለኝ የሚል ሰው እድሳቱን እዚህ ላይ ይጀምር።

ቀጥሎ አቀማመጡ፣ እኔ ብዙ ጊዜ የምለፈልፍበት ነገር ይሄ ነው። 33 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቀጭን ብርጭቆ ድንጋይ አይምሰላችሁ፣ በራሱ ክብደት ይጎብጣል። ዓይን አያየውም፣ ብርሃን ግን ያየዋል። በድሮዎቹ ላይ መስታወቱ ከእንጨት ጀርባ ላይ ያርፋል፣ ከታች ደግሞ ቀበቶ ወገቡን ይይዘዋል። ቀበቶው ሲላላ ወይም ሲንሸራተት መስታወቱ ወደ አንድ ጎን ይጫናል፣ ያኔ ነው ያ ሞላላ የሚመጣው። እኔ ያደረግኩት ጀርባውን በሙሉ አውጥቼ ክብደቱን ዘጠኝ ነጥብ ላይ የሚያከፋፍል የብረት ማስቀመጫ መተካት ነው፤ ሦስት ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ሳህኖች፣ እያንዳንዱ መሐሉ ላይ እንደ ልብ የሚወዛወዝ። ነጥቦቹ የት የት ይሁኑ የሚለውን ፕሎፕ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር ያሰላላችኋል። ከፊት በኩል መስታወቱ እንዳይወድቅ የሚይዙት ጥፍሮች ደግሞ መስታወቱን መንካት የለባቸውም። አንድ ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ይተው። ለጥንቃቄ ብሎ አጥብቆ ያሰረ ሰው መስታወቱን አጣሞታል ማለት ነው።

ከጀርባው አንድ ፋን አስገቡ። የኮምፒውተር ፋን፣ ባለ 12 ቮልት፣ ርካሽ ነው። ከሞቀ መኪና የወጣ ብርጭቆ ብርዱ ውስጥ ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ፊቱ ላይ ስስ የሞቀ አየር ይንሳፈፋል፣ ጁፒተርም ፈልቶ እንደሚንተከተክ ነገር ይሆናል። ፋኑን በብሎን አትሰሩት፣ በላስቲክ አንጠልጥሉት፣ ንዝረቱ እንዳያልፍ።

ትንሿ መስታወትና ፎከስ ማድረጊያው ቶሎ የሚያልቁ ሥራዎች ናቸው። ትንሿን መስታወት የያዘውን አውጥቼ በአራት ስስ የብረት ክንፍ የሚይዝ፣ ሸረሪት የሚባል ዘመናዊ መያዣ ተካሁለት። የድሮው ፎከስ ማድረጊያ የቧንቧ ዕቃ የሚመስል፣ በእጅ እየገፉ የሚያስተካክሉት ነው፣ ለጠባብ አይፒስ፣ ማለትም ዓይናችንን ለምናስጠጋበት ሌንስ፣ ብቻ የተሠራ። የዚህ መስታወት የፎከስ ርዝመት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ ለስፋቱ አጭር ነው፣ ስለዚህ ምስሉ ጥርት የሚልበት ቦታ የሚሊሜትር ሃያኛ ያህል ብቻ ነው። ያንን በእጅ ገፍቶ ማግኘት ትዕግሥት ይጨርሳል። ባለ ሁለት ፍጥነት ክሬይፎርድ የሚባለውን ፎከስ ማድረጊያ ግዙ፣ ባለ ሁለት ኢንች። ከፊት ለፊቱ ያለውን የቱቦውን ውስጥ ደግሞ ጥቁር ከፋይ ለጥፉበት፣ የመንገድ መብራት እንዳያንጸባርቅ። የሰማዩ ጥቁረት ወዲያው ይለወጣል።

መስታወቶቹን እርስ በርስ ማስተካከል በየሌሊቱ የሚደረግ ነው። አጭር ፎከስ ያለው ቴሌስኮፕ ትንሽ ከተዛባ ፕላኔቱ ይደበዝዛል። ዋናው መስታወት ልክ መሐሉ ላይ ትንሽ የወረቀት ቀለበት ይለጠፋል፤ ያ ቦታ በትንሿ መስታወት ጥላ ውስጥ ስለሆነ ምንም ብርሃን አይቀንስም። በሌዘር ወይም ቼሻየር በሚባል የማስተካከያ መሣሪያ እያያችሁ ከኋላ ያሉትን ብሎኖች ታዞራላችሁ። የድሮዎቹን ሞላዎች በጠንካራ ሞላ ቀይሩ፣ አለበለዚያ ቱቦውን ባነሳችሁ ቁጥር ይዛባል።

እንቅስቃሴውን በተመለከተ ዶብሰን ትክክል ነበር፣ እኔ የሱን ሐሳብ አልነካሁም። ቴፍሎን ሻካራ ፊት ባለው ፎርማይካ ላይ ሲንሸራተት ለመነሳት የሚያስፈልገው ግፊትና እየሄደ ለማቆየት የሚያስፈልገው ግፊት ይቀራረባል። ለዚህ ነው በ200 እጥፍ አጉልታችሁ እያያችሁ በጣት ነካ ስታደርጉት ሳይዘል የሚከተላችሁ። እኔ አዲስ ሳጥን ከ18 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ አሠራሁ፣ አዲስ ቴፍሎን አስገባሁ፣ ቱቦው ወደ ላይና ወደ ታች የሚዞርባቸውን የጎን ቀለበቶች ሰፋ አደረግሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ቫርኒሽ ቀባሁት። ከባድ ፎከስ ማድረጊያና ትልቅ አይፒስ ስትጨምሩ አፍንጫው ወደ ታች ይደፋል። ከኋላ ክብደት ጨምሩ፤ ሞላ አጥብቃችሁ ሰበቃውን ከጨመራችሁ ያ ሁሉ ልስላሴ ይጠፋል።

አሁን ኤሌክትሮኒክሱ። እኔ አልጠላውም፣ ይልቁንም በጣም ነው የምወደው፣ ብቻ ተራውን ይጠብቅ። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በሁለቱ ማዞሪያ ዘንጎች ላይ ኢንኮደር፣ ማለትም ዘንጉ ምን ያህል እንደዞረ የሚቆጥር መሣሪያ፣ ማሰር ነው። አንድ ዙር በ10,000 ደረጃ ከተከፈለ እያንዳንዱ ደረጃ 2 የቅስት ደቂቃ ገደማ ነው (አንዱ የቅስት ደቂቃ የዲግሪ ስልሳኛ ነው)፣ የጨረቃ ስፋት ደግሞ 30 ገደማ ነው፣ ስለዚህ ከበቂ በላይ ነው። ሁለት የታወቁ ኮከቦችን ታሳዩታላችሁ፣ ከዚያ ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ ቴሌስኮፑ ወዴት እንደሚያይ በካርታ ያሳያችኋል። ሁለተኛው መንገድ አዲስ ነው፤ ትንሽ ካሜራ ወይም ስልኩ ራሱ የሰማዩን ፎቶ ያነሳና የኮከቦቹን አቀማመጥ ከመዝገብ ጋር አመሳክሮ የት እንዳላችሁ ይነግራችኋል። ፓይፋይንደር የሚባለው ራስበሪ ፓይ በምትባል ትንሽ ኮምፒውተር የሚሠራ ነው፣ ዲዛይኑ ክፍት ስለሆነ ራሳችሁ ልትገጣጥሙት ትችላላችሁ። ለአሮጌ የእንጨት ቴሌስኮፕ እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው። ኢንኮደር ዘንጎቹ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ይፈልጋል፣ ካሜራው ግን ሳጥኑ ቢወላገድም ግድ የለውም፣ የሚያየው ሰማዩን ነውና።

በዚህ መሣሪያ ምን ይታያል? ሄርኩለስ ውስጥ ያለው ኤም 13 የሚባለው የኮከቦች ክምችት ወደ 25 ሺህ የብርሃን ዓመት ይርቃል። በትንሽ ቴሌስኮፕ ጭጋግ ነው። በዚህ ግን እስከ መሐሉ ድረስ አንድ አንድ ኮከብ ይለያል፣ መጀመሪያ ያየ ሰው ሁሉ ድምፅ ያወጣል። እዚህ ካለንበት ከዋሽንግተን ብርሃን ወጥታችሁ ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች አካባቢ ስትሄዱ፣ ከአይፒሱ ላይ የኦክስጅን ፊልተር ስታስገቡ ደግሞ ቬይል ኔቡላ፣ ከሺዎች ዓመታት በፊት የፈነዳ ኮከብ ቅሪት፣ እንደ ክር ተፈትሎ ይታያችኋል።

ጥያቄዎች ቀርበው ነበር፣ ሁለቱን ብቻ ልመልስ። ፎቶ ያነሳል ወይ ላላችሁት፦ ጨረቃን በስልክ ታነሳላችሁ፣ ፕላኔትም ይሞከራል፤ ለጋላክሲ ፎቶ ግን ሌላ መሣሪያ ግዙ። ይሄ ለዓይን ነው።

አንድ ወንድማችን ደግሞ አዲስ አበባ ይዤው ልግባ ወይ ብሏል። ይህን ጥያቄ በጣም ወድጄዋለሁ። እንጦጦ ላይ ሁለት የአንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ፣ እነሱ ለምርምር ናቸው። ለትምህርት ቤት ግቢ የሚሆነው ግን ይህ ዓይነቱ ነው። ሙሉውን አትጫኑ። መስታወቱ ብቻውን 8 ኪሎ ገደማ ነው፣ ከእጃችሁ ሳይለይ በሻንጣ ይገባል። ትንሿን መስታወት፣ ፎከስ ማድረጊያውን፣ ቴፍሎኑን ጨምሩ። ሳጥኑን እዚያው ጎበዝ አናጺ ይሠራዋል፣ ከኮምፔንሳቶ በቀር የሚፈልገው ነገር የለም። ቱቦውን በአራት ማዕዘን እንጨትም መሥራት ይቻላል።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው፣ የሰሜኑ ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ነው የሚታየው። እዚህ ለ39 ዲግሪ የተሠራ፣ የመሬትን መሽከርከር የሚከተል መቆሚያ እዚያ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ እስከዚያ ድረስ ዝቅ አይልም። የዶብሰን ሳጥን ግን የትም አገር ይሠራል። ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለው ከኤም 13 እጅግ የሚበልጥ የኮከቦች ክምችት እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ከአድማስ 4 ዲግሪ ብቻ ነው የሚወጣው፣ ዛፍና ቤት ይጋርደዋል። አዲስ አበባ ላይ 34 ዲግሪ ይወጣል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ደመናው ካልከለከላችሁ ማምሻውን ወደ ደቡብ አዙሩት። የሳጥኑን ልኬት በሴንቲሜትር ጽፌዋለሁ፣ ለአናጺ ለመስጠት የምትፈልጉ ስትወጡ ከጠረጴዛው ላይ አንሱ።